ኢልያ መችኒኮፍና ተጓዦቹ ሕዋሳት

ጣቱ በእሾህ ተወግቶ ሲቀላ፣ ሲያብጥና ሲያተኩስ ጉዳት እንደ ደረሰበት የማያስብ ሰው የለም፤ ርዳታ እንደ መጣለት የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት የነበሩ ብዙ ሐኪሞችም ብግነት የሚባለውን ይህን ሁኔታ ከሕመም ይቆጥሩት ነበር። በቁስሉ ዙሪያ የሚከማቹት ነጭ የደም ሕዋሳትም ጀርሞችን ተሸክመው በሰውነት ውስጥ የሚያዛምቱ ይመስሏቸው ነበር። ይህን አስተሳሰብ የለወጠው ሰው ሐኪም ሳይሆን የእንስሳት ጥናት ሊቅ ነበር።

ኢልያ መችኒኮፍ በ1845 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዛሬዋ ዩክሬን፣ በካርኮፍ ከተማ አካባቢ ተወለደ። የአራት ዓመቱን የዩኒቨርሲቲ ትምህርት በሁለት ዓመት ፈጽሞ፣ ገና በወጣትነቱ በኦዴሳ ለፕሮፌሰርነት በቃ። ኑሮው ግን አልቀናውም። የመጀመሪያ ሚስቱ በ1873 በሳንባ ነቀርሳ ስትሞትበት ራሱን ለማጥፋት እስከ መሞከር ደርሶ ነበር። በ1882 ደግሞ ዩኒቨርሲቲውን ባወከው የፖለቲካ ውዝግብ ምክንያት ሥራውን ለቀቀና ከሁለተኛ ሚስቱ ቤተሰብ ጋር በሲሲሊ ደሴት ወደምትገኘው መሲና ሄደ።

በዚያም ቤተሰቡ ሰርከስ ለማየት በወጣበት ዕለት፣ እሱ ብቻውን ቀርቶ የኮከብ ዓሣ እጮችን በማይክሮስኮፕ ይመለከት ነበር። የእጮቹ ገላ እንደ መስተዋት የጠራ በመሆኑ በውስጡ የሚዘዋወሩት ሕዋሳት በግልጽ ይታያሉ። እነዚህ ሕዋሳት ባዕድ ነገር ሲገባ ለመከላከል የሚዘምቱ ቢሆኑስ የሚል ሐሳብ መጣለት። ሐሳቡ እውነት ከሆነ፣ በእጩ ገላ ውስጥ የተሰካ እሾህ በሕዋሳቱ መከበብ ይኖርበታል። ስለዚህ ከግቢው የጽጌረዳ እሾህ ቀጥፎ ሰካበት፤ ሌሊቱንም ያለ እንቅልፍ አሳለፈ። ሲነጋ ሕዋሳቱ እሾሁን ከበውት አገኘ።

ሙከራው ቀላል ነበር፤ ትርጉሙ ግን ከባድ ነው። እጩ የደም ሥር ስለሌለው መቅላትና ማተኮስ አይታይበትም። ስለሆነም የብግነት ዋናው ነገር የሕዋሳቱ ጉዞ ነው ማለት ነው። እነዚህም ሕዋሳት በላተኛ ማለት የሆነውን ፋጎሳይት የሚለውን ስም ከግሪክኛ አገኙ።

ክርክሩ ግን ከ20 ዓመት በላይ ዘለቀ። በተለይ የጀርመን ሊቃውንት መከላከያው የሚገኘው በሕዋሳቱ ሳይሆን በደሙ ፈሳሽ ውስጥ ነው ብለው ተቃወሙት። መችኒኮፍ ከ1888 ጀምሮ በፓሪሱ ፓስተር ኢንስቲትዩት ተቀምጦ በሙከራ ላይ ሙከራ እየጨመረ መለሰላቸው። በመጨረሻም ሁለቱም ወገኖች የእውነት ድርሻ እንደ ነበራቸው ታወቀ። የ1908 የኖቤል ሽልማትም ለእሱና የፈሳሹን ወገን ለያዘው ለፓውል ኤርሊኽ በአንድነት ተሰጠ። መችኒኮፍ በ1916 በፓሪስ አረፈ።

ሕዋሱ በምን ኃይል እንደሚጓዝ ግን ሳይመልሰው ያለፈ ጥያቄ ነበር። የመልሱ አንድ ክፍል የተገኘው ለእኛ ለመሐንዲሶች ቅርብ ከሆነ ሙያ፣ ማለትም ከኤሌክትሪክ ልኬት ነው። ኤርዊን ኔኸርና በርት ዛክማን በ1976 በሕዋስ ሽፋን ላይ ባለች በአንዲት የአዮን መተላለፊያ የሚያልፈውን፣ በፒኮ አምፔር የሚቆጠር ጅረት ለኩ። ከዚያ ወዲህ በተደረገው ጥናት፣ ከቁስሉ የሚመነጨው ኬሚካላዊ ምልክት ነጩን ሕዋስ ሲነካው በውስጡ ያለው ካልሲየም ከፍ እንደሚል፣ ከዚህም አንዱ ክፍል በሽፋኑ መተላለፊያዎች ከውጭ እንደሚገባ ታወቀ። ፖታስየም በራሱ መተላለፊያ ሲወጣ ውሃ ይከተለዋል፤ ይህም የሕዋሱ የኋላ ክፍል እንዲሟሽሽና ወደ ፊት እንዲሳብ ይረዳል።

ዘመቻው ካልተገታ የገዛ አካልን ይጎዳል፤ የመገጣጠሚያ ብግነት ለዚህ ምስክር ነው። ስለዚህ የዛሬ ተመራማሪዎች እነዚህን መተላለፊያዎች እንደ ቧንቧ መክፈቻ በልክ መዝጋትና መክፈት ይቻል እንደሆነ ይመረምራሉ። የእንስሳት ሊቁ ለሐኪሞች፣ ኤሌክትሪክ ለኪዎቹም ለእንስሳት ሊቁ ጥያቄ መልስ ከሰጡ፣ እኛም ይህ ከሙያችን ውጭ ነው ብለን ከማለፋችን በፊት ቆም ብለን ማሰብ ይገባናል።