ሶፊያ ቶልስቶይ፤ የደራሲው ጽሑፍ ጠባቂ

ወይዘሮ ሶፊያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1844 ዓ.ም. ከአንድ የሞስኮ ሐኪም ተወለዱ። በ1862 በ18 ዓመታቸው ስመ ጥሩውን የመስኮብ ደራሲ ሌዎ ቶልስቶይን አገቡ፤ 13 ልጆችም ወለዱ። የባላቸው የእጅ ጽሕፈት ለማንበብ እጅግ አስቸጋሪ ነበር። እርሳቸው ግን ልጆች እያሳደጉ፥ ተሰርዞ የተደለዘውን ረቂቅ ደጋግመው እየገለበጡ፥ «ጦርነትና ሰላም» የተባለው ታላቅ መጽሐፍ ለኅትመት በቃ።

ወረቀት በቤት ሲቀመጥ ለእሳት፥ ለብልና ለአይጥ የተጋለጠ ነው። ስለዚህ ወይዘሮ ሶፊያ በ1887 የባላቸውን ጽሑፎች በሞስኮው የሩሚያንትሴቭ ቤተ መዘክር በአደራ ማስቀመጥ ጀመሩ።

በስተርጅና ባልና ሚስት በዕለት ማስታወሻዎችና በመጻሕፍት መብት ምክንያት ክፉኛ ተጣሉ። ቶልስቶይም በ1910 ቤታቸውን ጥለው ወጥተው በአስታፖቮ የባቡር ጣቢያ ሞቱ። ወይዘሮ ሶፊያ ግን ጥበቃውን አልተዉም፤ ባላቸው የጻፉላቸውን ደብዳቤዎች ሰብስበው በ1913 አሳተሙ። በ1919 ዐረፉ።

ከ1928 እስከ 1958 የቶልስቶይ ሥራ በ90 ቅጽ ሊታተም የቻለው ረቂቁ፥ ደብዳቤውና ማስታወሻው ሳይጠፋ በመቆየቱ ነው። እኛም ተማሪዎች የአያቶቻችንን ደብዳቤ ለሱቅ መጠቅለያ ከመስጠታችን በፊት እኚህን እመቤት እናስብ።