ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል፦ ከመምህርነት ወደ ተማሪነት

በአቃቂ ከምናውቃቸው ወጣቶች አንዳንዶቹ ለሁለተኛ ዲግሪ በመማር ላይ ናቸው። ስለ ትምህርታቸው ስንጠይቃቸው፣ ከመምህሩ ከሚሰሙት ይልቅ እርስ በርሳቸው የሚከራከሩበትና አንዱ የጻፈውን ሌላው የሚያርምበት ጊዜ እንደሚያበስላቸው ይነግሩናል። ይህን በሰማን ቁጥር የሚታሰቡን፣ በአገራችን ዩኒቨርሲቲ ከመከፈቱ ከመቶ ዓመት በፊት እንዲህ ባለ የትምህርት ማኅበር ውስጥ የኖሩት ጎጃሜው መነኩሴ ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ናቸው። ዓመታቱን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በ1791 በጎጃም በመርጡለ ማርያም አካባቢ ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው አንድ ዓይናቸውን አጡ፤ ከትምህርት ግን አልቀሩም። የዚያ ዘመን የአብነት ተማሪ ብቻውን የሚማር አልነበረም። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ቁራሽ ይለምናል፤ ያገኘውንም ከጓደኞቹ ጋር ይካፈላል። በቅኔ ቤት እያንዳንዱ ለብቻው ቅኔ ይቆጥራል፤ ሆኖም የቆጠረውን በሌሎች ፊት ነግሮ መታረም አለበት። ቀድሞ የበሰለው ተማሪ ለተከታዩ አስተማሪ ይሆናል። እኛ ዛሬ የቡድን ጥናት የምንለው ነገር ለአባቶቻችን አዲስ እንዳልነበረ ከዚህ እንረዳለን።

አባ ገብረ ሚካኤል በመርጡለ ማርያም ከመነኰሱ በኋላ በተማሩት አልረኩም። የምንኵስናን ሥርዓት ከመጻሕፍት ለመመርመር ከገዳም ወደ ገዳም ተጓዙ፤ በጎንደርም ተማሩ፣ አስተማሩ። ጊዜው ሊቃውንት በቅባትና በጸጋ ትምህርት የተከፋፈሉበት ነበር። ክርክሩ የቃላት ጨዋታ ሳይሆን ሰውን ከወንበሩ የሚያስነሣ፣ አንዳንዴም ከአገሩ የሚያሰድድ ነበር።

በ1841 ጳጳስ ለማምጣት ወደ ግብፅ ከተላከው የልዑካን ጓድ ጋር ተጓዙ። ደጃዝማች ውቤ በለመኑት መሠረት ጓዱን ያጀበው ጣሊያናዊው የላዛሪስት ማኅበር ካህን ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ፣ የኋላው አቡነ ያዕቆብ፣ ነበር። ጉዞው እስከ ሮም ደርሶ ልዑካኑ ከር.ሊ.ጳ. ጎርጎርዮስ 16ኛ ፊት ቀረቡ። እኛ ግን የበለጠ የምናደንቀው ከዚህ በኋላ የሆነውን ነው። ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆናቸው፣ ስማቸው የታወቀ ሊቅ፣ በዕድሜ ከሚያንሳቸው ከአንድ እንግዳ ካህን ጋር ለመማር ተቀመጡ። እንግዳውም የአገሩን ቋንቋና መጻሕፍት ከኢትዮጵያውያን ይማር ስለነበር፣ ከሁለቱ ማን መምህር፣ ማን ተማሪ እንደነበር ለመለየት ያስቸግራል። ከብዙ ምርምር በኋላ በ1844 አባ ገብረ ሚካኤል የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አባል ሆኑ።

ሁለቱ በዓዲግራት አቅራቢያ በጓላ የዘርዐ ክህነት ትምህርት ቤት አቋቋሙ፤ የትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍም በአንድነት አዘጋጁ። ዛሬ ትምህርተ ክርስቶስ የምናስተምር ሁላችን የእነርሱ ባለ ዕዳዎች ነን። አባ ገብረ ሚካኤል በዚያ ትምህርት ቤት ሲያስተምሩ ቆይተው፣ በ1851 ወደ ስድሳ ዓመት ሲጠጉ፣ በአቡነ ያዕቆብ እጅ ቅስና ተቀበሉ።

በ1854 በጎንደር ከአራት ባልንጀሮቻቸው ጋር ታሰሩ። አቡነ ያዕቆብ ከአገር እንዲወጡ ሲደረግ እርሳቸው በግንድ ተጠርቀው ቀሩ። የተጠየቁት ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ ነበር፤ እሺ ቢሉ ኖሮ ሊቁን የሚያከብር አይጠፋም ነበር። ይህን የምንጽፈው የቆየ ቁስል ለመቀስቀስ አይደለም፤ እዚህ አቃቂ ከኦርቶዶክስ ወንድሞቻችን ጋር ኀዘኑንም ደስታውንም አብረን እንካፈላለን። የሆነውን ግን መደበቅ አይገባንም። በ1855 ዐፄ ቴዎድሮስ ከነገሡ በኋላ የተፈረደባቸው ሞት ወደ እስራት ተለወጠ፤ በሰንሰለት እንደ ታሰሩም ሠራዊቱን ተከትለው እንዲጓዙ ተደረገ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ውስጥ፣ ሰውነታቸው ደክሞ፣ በመንገድ ላይ ዐረፉ። ያጀቧቸው ወታደሮች ሰንሰለቱን ፈትተው ቀበሯቸው።

የዚያ ማኅበር ሥራ በዚህ አልተቋረጠም። ከአቡነ ያዕቆብ ደቀ መዛሙርት አንዱ፣ የዓድዋው አባ ተክለ ሃይማኖት፣ የመምህራቸውን ሕይወት ጽፈው አቆይተውልናል። አባ ገብረ ሚካኤል በ1926 ብፅዕና ታወጀላቸው፤ አቡነ ያዕቆብ በ1939 ብፁዕ፣ በ1975 ደግሞ ቅዱስ ተባሉ። በብፅዕናው ተማሪው መምህሩን በ13 ዓመት ቀድሟል።