ንጉሥ ሣህለ ሥላሴና የአንጎለላ ቤታቸው

ከጫጫ አጠገብ በደጋው ሜዳ ላይ ያለችው አንጎለላ የንጉሥ ከተማ እንደ ነበረች ለሸዋ ሰው ሁሉ የታወቀ ነው። ቈርቋሪዋም ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ናቸው። በምድር ላይ ቤት የሠራ ብዙ ነው፤ ቤቱ ከፈረሰ በኋላ ሥራው የሚነገርለት ግን ጥቂት ነውና፥ የኚህን ንጉሥ ታሪክ በአጭሩ መናገር ይገባል።

አባታቸው ራስ ወሰን ሰገድ በ1805 ዓ.ም. በገዛ አሽከራቸው እጅ በተገደሉ ጊዜ፥ ሣህለ ሥላሴ ገና ወጣት ሆነው በገዳም በትምህርት ላይ ነበሩ። ታላቅ ወንድማቸው በኵሬ ከመርሐ ቤቴ እስኪደርሱ ድረስ፥ እርሳቸው ቀድመው ደርሰው አልጋውን ያዙ። በዚያ ዘመን የሸዋ ቤተ መንግሥት ልማድ፥ አንዱ ሲነግሥ ወንድሞቹ እንዲታሰሩ ነበረ። ስለዚህ በኵሬና ሌሎቹ ዘመዶች ወደ ጎንጮ ተወስደው በሰንሰለት ታሰሩ። ንጉሡ ከሠሩት ቤት ሁሉ በፊት የዘጉት ቤት ይህ ነበረ።

አንኮበር ከአባቶቻቸው የወረሷት ከተማ ናት፤ በገደል አፋፍ ላይ ሆና ቈላውን ቍልቍል ታያለች። ነገር ግን ግዛታቸው ወደ ምዕራብ ወደ ኦሮሞ አገር እየሰፋ ስለ ሄደ፥ በ1822 ዓ.ም. ገደማ አንጎለላን ቈርቍረው ሁለተኛ መቀመጫ አደረጓት። የከተማዋም ቤቶች ባልተጠረበ ድንጋይ ክብ ሆነው የተካቡ፥ በሣር የተከደኑ ነበሩ። ግቢው በእንጨት አጥር ተከቦ ነበረ። ድሜጥሮስ የሚባል የአልባንያ ተወላጅም ባለ ደርብ የድንጋይ ቤት ሠራላቸው። በዚህ ግቢ ንጉሡ ዳኝነት ያያሉ፤ ከባሕር ማዶ የመጣውንም መልእክተኛ ይቀበላሉ። በ1834 ዓ.ም. ከእንግሊዝ፥ በ1835 ዓ.ም. ከፈረንሳዊ ጋራ የወዳጅነትና የንግድ ውል አደረጉ። ራብ በመጣ ጊዜ ደግሞ ጐተራቸውን እያስከፈቱ ድኻውን ይመግቡ ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን የጎንጮ በር እንደ ተዘጋ ነበረ። ንጉሡ ለእንግዳውና ለድኻው ደጃቸውን ሲከፍቱ፥ የአባታቸው ልጆች በጨለማ ተቀምጠው ነበር። በመጨረሻ የእንግሊዙ መልእክተኛ ካፒቴን ሐሪስ ስለ እሥረኞቹ ለመኗቸው፤ ልባቸውም ራራ። በነገሡ በ30ኛው ዓመት፥ በ1835 ዓ.ም. ወንድሞቻቸውን ፈትተው ከሰንሰለት አወጧቸው። አልጋውን የሚሻማ ይነሣል የሚለውን የቀድሞ ፍርሃት በዚህ ሥራ አሸነፉት።

በተከታዩ ዓመት፥ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በአንጎለላ ከልጃቸው ከኃይለ መለኮት የልጅ ልጅ ተወለደላቸው። ሕፃኑም በአንጎለላ ኪዳነ ምሕረት ተጠመቀ፤ አያቱም ምኒልክ ብለው ስም አወጡለት። ንጉሡ ግን ልጁ ሲያድግ አላዩም፤ በ1840 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ዐረፉ። ያ ሕፃን ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን በያዙ ጊዜ ተማርኮ ወደ መቅደላ ሄደ፤ እስከ 1857 ዓ.ም. ድረስም ከወገኑ ርቆ በግዞት ኖረ። አያቱ በጎንጮ ያሳለፉትን ፍርድ የልጅ ልጁ በመቅደላ ቀመሰው። ከዚያም አምልጦ በሸዋ ነገሠ፤ በኋላም ንጉሠ ነገሥት ሆነ።

የአንጎለላ የሣር ክዳንና የእንጨት አጥር ብዙ ዘመን አልቈየም፤ ድንጋይና እንጨት የዝናምና የነፋስ ገንዘብ ነውና። የንጉሡ ስም ግን በዚህ አገር አልጠፋም። ቤትን ያቆመ ይመሰገናል፤ በገዛ እጁ የዘጋውን በር የከፈተ ግን ከእርሱ ይበልጣል። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሁለቱንም አድርገዋልና፥ በዚህ ምድር ተወልዶ ቤት የሚሠራ ሁሉ ሁለቱንም ያስባቸው።