ሰር ሄንሪ ቤሰመርና የካርቦን ልክ

ለመኪና ዘንግ የሚሆን ብረት ለመምረጥ ወደ መደብር የሄደ ወጣት መሐንዲስ በበትሩ ጫፍ 1045 ወይም ሲ 45 የሚል ምልክት ቢያገኝ፣ ቁጥሩ የሚነግረው በብረቱ ውስጥ ከመቶ 0.45 ያህል ካርቦን መኖሩን ነው። ካርቦኑ በጣም ካነሰ ዘንጉ ይለዝባል፤ በጣም ከበዛ ደግሞ ቶርኖ ላይ ሲቆረጥ ቢላዋውን ይበላል፤ በሥራም ላይ በድንገት ሊሰበር ይችላል። ለዘንግ፣ ለጥርስና ለብሎን የሚመረጠው መካከለኛው፣ ማለት ከመቶ ከ0.3 እስከ 0.6 ካርቦን ያለው ነው። ይህን ልክ በርካሽና በብዛት ማግኘት ግን የብዙ ሰው ገንዘብና ስም ያስከፈለ ጉዳይ ነበር። የታሪኩ ዋና ሰው እንግሊዛዊው ሄንሪ ቤሰመር ናቸው።

ቤሰመር እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1813 ቻርልተን በምትባል መንደር ተወለዱ። አባታቸው የማተሚያ ፊደል ያቀልጡ ስለ ነበር፣ ያደጉት ከቀለጠ ማዕድን አጠገብ ነው። ዩኒቨርሲቲ አልገቡም። አንድ ቀን እኅታቸው የሥዕል ደብተሯን ርእስ በወርቅማ ቀለም እንዲጽፉላት ብትጠይቃቸው፣ ለጥቂት የነሐስ ዱቄት የተጠየቁት ዋጋ አስደነቃቸው፤ ዱቄቱን የሚፈጭ መኪና በምስጢር ሠርተውም ከዚያ ሀብት አገኙ።

በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ አዲስ የመድፍ ጥይት ፈለሰፉ። ነገር ግን መካኒኮች ጊዛ ከሚሉት ብረት የተሠራው መድፍ ጥይቱን መቻሉን አንድ ፈረንሳዊ መኰንን ተጠራጠረ። ቤሰመርም ጥይቱን ትተው ወደ ብረቱ ዞሩ። በቀለጠ ጥሬ ብረት ውስጥ አየር ቢነፉበት፣ አየሩ በውስጡ ያለውን ካርቦን ያቃጥላል፤ ቃጠሎውም ብረቱን ይበልጥ ያግለዋል፤ ማገዶ አይጨመርም። ይህን በነሐሴ 1856 በቸልተንሃም ከተማ ለሊቃውንት ጉባኤ ባስረዱ ጊዜ ብረት ሠሪዎች ፈቃድ ለመግዛት ተሽቀዳደሙ።

ውጤቱ ውርደት ነበር። ፈቃዱን የገዙት የሠሩት ብረት ይሰነጣጠቅ ጀመር፤ ትናንት ያመሰገኗቸው ጋዜጦችም ወቀሷቸው። ምክንያቱ ኋላ ታወቀ። ቤሰመር ለሙከራ የተጠቀሙበት ብረት እንደ ዕድል ፎስፎር ያነሰበት ነበር፤ የሌሎቹ ግን ፎስፎር የበዛበት ነበር፤ አየሩም ፎስፎሩን አያወጣውም። ስለዚህ ፎስፎር የሌለበትን ብረት መርጦ መግዛት ግድ ሆነ። ከዚያ በላይ ደግሞ አየሩን በትክክለኛው ደቂቃ ማቆም አስቸጋሪ ነበር፤ ጥቂት ቢዘገይ ካርቦኑ ሁሉ ይጠፋል፤ ኦክስጅንም በብረቱ ውስጥ ይቀራል።

መፍትሔውን ያገኙት ሮበርት መሺት ነበሩ። ካርቦኑን አቃጥሎ መጨረስ፣ ከዚያም ማንጋኒዝና ካርቦን ያለበትን ሌላ ብረት መዝኖ መጨመር። ሠራተኛው የሚፈልገውን የካርቦን ልክ በነበልባሉ ቀለም ከመገመት ይልቅ በሚዛን መስጠት ቻለ ማለት ነው። ለእኔ እንደሚመስለኝ ከንፋሱ ይልቅ ለዛሬው መሐንዲስ የሚጠቅመው ይህ ነው።

ቤሰመር በ1858 ሼፊልድ ውስጥ የራሳቸውን ፋብሪካ ከፍተው ከሌሎቹ ባነሰ ዋጋ ሸጡ፤ በለጸጉም። የመሺት መብት ግን ክፍያው በጊዜው ስላልተከፈለ ወደቀ፤ እርሳቸውም ደኸዩ፤ ታመሙ። በ1866 የ16 ዓመት ልጃቸው ሜሪ ብቻዋን ለንደን ሄዳ ቤሰመርን በቢሯቸው አነጋገረቻቸው፤ የአባቷን ድካም ነገረቻቸው። ቤሰመር መሺት መብት አላቸው ብለው አላመኑም። ቢሆንም በያመቱ 300 ፓውንድ ቈረጡላቸው። ይህን ቸርነት ነው የሚሉ አሉ፤ ዕዳ መክፈል ነው የሚሉም አሉ።

ቤሰመር በ1879 ሰር የሚል ማዕርግ ተቀበሉ። መሺት በ1891 በዚያችው በቸልተንሃም ሞቱ፤ ቤሰመርም በ1898 ለንደን ላይ።