የኮከብ ምልክት ያረፈባቸው የሉዊ ሬኖ መኪኖች

ሉዊ ሬኖ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1877 በፓሪስ ከባለጸጋ ነጋዴ ቤተሰብ ተወለደ። ለትምህርት እምብዛም አልነበረም፤ ልቡ ያረፈው በሞተር ላይ ነበር። በ1898፣ ገና በ21 ዓመቱ፣ ቢያንኩር በሚገኘው የቤተሰቡ ግቢ ውስጥ የመጀመሪያ መኪናውን ሠራ። የሞተሩን ኃይል ወደ ኋላ ጎማ ያደረሰው፣ በዘመኑ እንደተለመደው በሰንሰለት ሳይሆን በዘንግ ነበር። በዓመቱ ከወንድሞቹ ከማርሴልና ከፈርናንድ ጋር ኩባንያ መሠረቱ። ማርሴል በ1903 ከፓሪስ ወደ ማድሪድ በተደረገው የመኪና ውድድር ላይ ተገልብጦ ሞተ። ፈርናንድም በ1909 ሲያርፍ ፋብሪካው በሉዊ እጅ ብቻ ቀረ።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ኤፍቲ የተባለውን ቀላል ታንክ ሠራ። ሰላም ሲወርድ ያንኑ ታንክ ወደ እርሻ መለሰው፤ በ1919 የቀረበው የሬኖ ትራክተር በታንኩ አካል ላይ የተመሠረተ፣ እንደ ታንኩ በብረት ሰንሰለት የሚሄድ ነበር። የሬኖን ስም ከከተማ መኪና ጋር ብቻ የሚያያይዝ ሰው ይህን ቢያውቅ አይከፋም።

ይሁንና ሬኖ የባለጸጎችንም ገበያ አልተወም። በ1929 ለሽያጭ ያቀረበው ሬናስቴላ ስምንት ሲሊንደርና ከሰባት ሊትር በላይ የሆነ ሞተር ነበረው። ስቴላ በላቲን ኮከብ ማለት ነው፤ ኔርቫስቴላና ቪቫስቴላን የመሳሰሉ ታናናሾቹም በዚሁ ስም ተጠሩ፤ ግንባራቸውም ላይ የኮከብ ምልክት ተደረገ። ጊዜው ግን ክፉ ነበር። በዚያው ዓመት የዓለም ኢኮኖሚ ወደቀ፤ እጅግ ውድ መኪና የሚገዛ ሰውም ጥቂት ሆነ። የሬናስቴላ ምርት በ1933 ቆመ። ተቀናቃኙ ሲትሮይን በ1934 መጨረሻ ሲከስር፣ ከጭነት መኪና እስከ ትራክተር ብዙ ዓይነት ምርት የነበረው ሬኖ ግን ተረፈ።

ከባዱ ፈተና የመጣው ጀርመን ፈረንሳይን በ1940 ስትይዝ ነው። ፋብሪካው በጀርመኖች ቁጥጥር ሥር ለጦራቸው የጭነት መኪና አመረተ፤ በዚህም የተነሳ በ1942 በእንግሊዝ አውሮፕላኖች ተደበደበ። ፓሪስ ነጻ እንደወጣች፣ በመስከረም 1944፣ ሬኖ ከጠላት ጋር ተባብሯል ተብሎ ታሰረ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሳይቀርብ በጥቅምት ወር በ67 ዓመቱ ሞተ። ቤተሰቡ በእስር ቤት በደል ደርሶበታል ሲል ኖሯል።

በጥር 1945 የደጎል መንግሥት ፋብሪካውን ወረሰ። በ1946 በፓሪስ የመኪና ትርኢት ላይ ለሕዝብ የታየችው አዲስ መኪና ትንሽ ባለአራት ሲሊንደር ነበረች። ባለኮከቦቹ አልተመለሱም።