ኤድዊን በዲንግና የሣር ማጨጃው መኪና

ተማሪዎች ሆይ፣ ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ፣ በቢቸናም ሆነ በሞጣ የትምህርት ቤት ግቢ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ሐምሌና ነሐሴ ያበቀሉት ሣር ከጉልበት ይደርሳል። ብዙዎቻችሁም በትምህርት መክፈቻው ሰሞን ከቤታችሁ ማጭድ ይዛችሁ መጥታችሁ ይህንኑ ሣር አጭዳችኋል። ወገባችሁን አጉብጣችሁ፣ በግራ እጃችሁ ሣሩን ጨብጣችሁ፣ በቀኝ እጃችሁ ማጭዱን ስትስቡ ትውላላችሁ። ማታ ቀና ስትሉ ጀርባችሁ ይቆረጥማችኋል። ሜዳውን መለስ ብላችሁ ስታዩት ግን አንዱ ሥፍራ ተላጭቶ፣ ሌላው ሥፍራ ቆሞ ታገኙታላችሁ። ለዚህ ድካም መፍትሔ የፈለገ ሰው ነበረን? አዎን፣ ነበረ። ስሙ ኤድዊን ቢርድ በዲንግ ይባላል። የሠራው መኪና በዓለም ዙሪያ ሲታወቅ፣ የሠሪውን ስም የሚያስታውሱ ግን ጥቂቶች ናቸው።

በዲንግ የተወለደው በ1796 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር፣ በግሎስተርሻየር አውራጃ ነው። በዚህ ምንባብ የእንግሊዝ አገር ዘመናት ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ልብ በሉ። ያ ወቅት በእኛ አገር ዘመነ መሳፍንት ነበር። በዲንግ ሥራ የጀመረው በአናጢነት ነው። ኋላ ግን ከእንጨት ወደ ብረት ተሻግሮ፣ በስትራውድ ከተማ አካባቢ በብረት ማቅለጫዎችና በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች መኪና የሚሠራና የሚጠግን ባለሙያ ሆነ። የስትራውድ ሸለቆዎች ከበግ ጠጉር በሚሠራ ጨርቅ የታወቁ ነበሩ፤ የእንግሊዝ ወታደሮች የሚለብሱት ቀይ ጨርቅ ከዚያ ይወጣ ነበር። ከየሸለቆው የሚወርደው ወንዝም የፋብሪካዎቹን መዘውር ያዞር ነበር።

ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና ዳስሳችሁ ከሆነ፣ ላዩ ጠጉራም መሆኑን ታውቃላችሁ። በስትራውድ የሚሠራው ጨርቅም ከሸማኔው እጅ ሲወጣ እንዲሁ ነበር። ለስልሶ ገበያ እንዲወጣ፣ በላዩ የቆመው ጠጉር እኩል ተደርጎ መከርከም ነበረበት። ይህን ሥራ ቀድሞ ባለሙያዎች በትልልቅ መቀስ ይሠሩት ነበር። በበዲንግ ዘመን ግን ለዚሁ ተግባር የሚያገለግል መኪና ወጥቶ ነበር። በመኪናው ላይ እንደ ጠመዝማዛ ጥምጥም የዞሩ ስለቶች ያሉት ድቡልቡል ብረት ይሽከረከራል፤ ጨርቁ በሥሩ ሲያልፍ ስለቶቹ ጠጉሩን እኩል ይከረክሙታል።

ይህን መኪና በየፋብሪካው ብዙ ሰዎች ያዩት ነበር። የሚያዩት ግን ጨርቅ ሲከረክም ብቻ ነው። በዲንግ ግን ከዚህ አልፎ አሰበ። ጨርቁ መስክ፣ ጠጉሩም ሣር ቢሆንስ ሲል ራሱን ጠየቀ። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስተውሉ፤ የፈጠራው መነሻ ይህ ጥያቄ ነው። በዲንግ ስለቱን አዲስ አድርጎ አልፈጠረም። በአንድ ሙያ የሚታወቀውን ዘዴ ወሰደና ከዚያ በፊት ማንም ወዳላሰበበት ወደ ሌላ ሙያ አሻገረው።

በዚያን ዘመን የእንግሊዝ መኳንንት በግቢያቸው የሚያስተክሉት ሣር የሚታጨደው ረጅም እጀታ ባለው ትልቅ ማጭድ ነበር። ማጭዱ ደረቅ ሣር ላይ ስለሚንሸራተት፣ አጫጆቹ ጤዛው ሳይረግፍ በማለዳ ይነሡ ነበር። እጅግ የሠለጠነ አጫጅ ካልሆነ በቀር ማጭዱ ያለፈበት ሥፍራ ሁሉ የጠባሳ ምልክት ይቀራል። የበዲንግ መኪና ግን በሌላ መንገድ ይሠራል። ሰው ከኋላ ሆኖ ሲገፋው ከባዱ የኋላ ተንከባላይ ብረት ይዞራል። ያም ብረት ጥርስ ባላቸው መንኩራኩሮች አማካይነት ስለታሙን ድቡልቡል ብረት በፍጥነት ያሽከረክረዋል። ከሥሩ የማይንቀሳቀስ ሌላ ስለት አለ። ሣሩ በሁለቱ መካከል ሲገባ በመቀስ እንደሚቆረጥ ሆኖ ይቆረጣል፤ የተቆረጠውም ወደ ፊት ተወርውሮ ከትሪ መሰል ማጠራቀሚያ ውስጥ ይወድቃል። የሣሩ ቁመት እንደ ፈቃድ እንዲያጥር ወይም እንዲረዝም ማድረግም ይቻላል። የመጀመሪያው መኪና በአንድ ጊዜ የሚያጭደው ስፋት 19 ኢንች፣ ይኸውም ወደ 48 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነበር።

ሐሳብ ብቻውን መኪና አይሆንም፤ ገንዘብና ማቅለጫ ያስፈልገዋል። ስለዚህ በዲንግ በትረፕ መንደር ፊኒክስ የተባለ የብረት ማቅለጫ ከነበረው ከጆን ፌራቢ ጋር ግንቦት 18 ቀን 1830 ዓ.ም. ውል ተዋዋለ። ወጪውን ፌራቢ ሊችል፣ ትርፉን ግን ሁለቱ እኩል ሊካፈሉ ተስማሙ። በዲንግ መኪናውን የሞከረው ሰው እንዳያየው በሌሊት ነበር ተብሎ ይነገራል። በዚያው ዓመት ነሐሴ 31 ቀን የፈጠራ መብት ተሰጠው። ባቀረበው ጽሑፍ ላይ፣ የአገሩ ባላባቶች ራሳቸው መኪናውን ቢገፉ ደስታና ጤና እንደሚያገኙበት ገልጾ ነበር። በሎንዶን የሚገኘው የእንስሳት መጠበቂያ ቦታ መኪናውን ቀድመው ከገዙት አንዱ ሆነ። በዚያ የነበረው የሥራ ኃላፊም አንዱ እየጎተተ ሌላው እየገፋ ሁለት ሰዎች ብቻ፣ ማጭድና መጥረጊያ የያዙ ስድስት ወይም ስምንት ሰዎች የሚሠሩትን እንደሚሠሩ መስክሯል። በ1832 ዓ.ም. ደግሞ የኢፕስዊች ከተማው የራንሰምስ ድርጅት በፈቃድ መኪናውን ይሠራ ጀመር።

በዲንግ በዚህ አልረካም። እንደ ብሎኑ መጠን የሚጠብና የሚሰፋ መፍቻ ሠራ። ደጋግሞ የሚተኩስ ሽጉጥም ሠርቶ ነበር። በኋላ ወደ ደርስሊ ከተማ ሄዶ ከጆርጅ ሊስተር ጋር የበግ ጠጉር ማበጠሪያ መኪናን ሲያሻሽል ቆየ። በ1846 ዓ.ም. በሃምሳ ዓመቱ ገደማ ሞተ። መኪናው ለሕዝብ ሁሉ ሲዳረስ ለማየት አልታደለም።

ከእርሱ በኋላ ሌሎች ሥራውን ቀጠሉበት። በስኮትላንድ በ1842 ዓ.ም. በፈረስ የሚጎተት ማጨጃ ተሠርቶ ነበር። በ1893 ዓ.ም. በእንፋሎት፣ በ1902 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚን የሚሠራ ወጣ። ሣሩ አጭርና እኩል የሆነ ሜዳ በቀላሉ መዘጋጀት በመቻሉ፣ ለክሪኬት፣ ለቴኒስና ለእግር ኳስ አመቺ መጫወቻ ተገኘ። በየስታዲዮሙ የሚታየውን የተስተካከለ አረንጓዴ ሜዳ ስታዩ ይህን ሰው አስታውሱት።

ተማሪዎች ሆይ፣ አሁን ደግሞ ወደየቤታችሁ ተመለሱ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ማጭድ ማን ቀጠቀጠው? ማረሻውንስ? በጎጃምም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል ብረት ቀጥቃጩ ለዘመናት ቡዳ እየተባለ ሲሰደብ ኖሯል። ገበሬው ያለ እርሱ ማረስም ማጨድም አይችልም፤ ሆኖም ከማዕዱ ያርቀው ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በእኛ አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሰውን በእጅ ሙያው መስደብን ከልክለዋል። ነገር ግን አዋጅ አንደበትን ሊገታ ቢችል እንኳ ልብን ለመለወጥ ብቻውን አይበቃም።

በዲንግም እጁ በጥላሸት የጠቆረ ሠራተኛ ነበር። እርሱን ከሌሎች የለየው ነገር ቢኖር፣ በየቀኑ የሚያየውን መኪና እንደ አዲስ ማየቱና ጥያቄውን በብረት ሠርቶ የሚያሳይበት ዕድል ማግኘቱ ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ያላቸው ቀጥቃጮች በእኛም መንደር አልታጡም ይሆናል፤ የታጣው የሚሰማቸውና የሚያግዛቸው ነው። እንግዲህ በሚቀጥለው መስከረም ማጭዳችሁን ስታነሡ፣ የቀጠቀጠውን ሰው ስም ጠይቃችሁ ዕወቁ።