ቅዱስ ያሬድ፤ ከሽሽት ወደ ትምህርቱ የተመለሰ ሊቅ

በየዓመቱ ጥቅምት 27 ቀን በአዲስ አበባ ከተማ በምዕራብ በኩል፣ በኮልፌ ቀራንዮ በምትገኘው በቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን የመድኃኔ ዓለም በዓል በታላቅ ሥርዓት ይከበራል። ሊቃውንቱ መቋሚያቸውን ይዘው፣ ጸናጽላቸውን እያንሿሹ፣ ከበሮውን እየመቱ ሌሊቱን በማኅሌት ያነጋሉ። የሚያሰሙትም ዜማ የቅዱስ ያሬድ ዜማ ነው። ዳሩ ግን በእንዲህ ያለው ሌሊት በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ቆመው ከሚሰሙት ምእመናን መካከል ንስሐ እገባለሁ እያሉ ዓመታትን ያሳለፉ፣ ከወንድሜ ጋር እታረቃለሁ እያሉ ቀጠሮውን ከበዓል ወደ በዓል የሚያሻግሩ፣ የጀመሩትን ትምህርት ወይም ሥራ ትተው ስሙ ሲጠራ እንኳ ፊታቸውን የሚመልሱ ጥቂቶች አይደሉም። እነዚህ ሰዎች የሚሰሙትን ዜማ የደረሰው ሊቅ እርሱም በልጅነቱ ከሥራው የሸሸ መሆኑን ቢያስቡ፣ ከዜማው ጣዕም ሌላ ምክርም ባገኙ ነበር። ስለዚህ ታሪኩን ከዚህ አንጻር እንመልከት።

ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ በ505 ዓ.ም. ገደማ፣ በአክሱም እንደ ተወለደ ይነገራል። ገና ሕፃን ሳለ አባቱ ስለ ሞተ እናቱ ለአጎቱ ለአባ ጌዴዎን ሰጠችው። አባ ጌዴዎን በአክሱም ጽዮን መጻሕፍትን የሚያስተምሩ ካህን ነበሩና ሕፃኑን ከደቀ መዛሙርቶቻቸው ጋር አስቀምጠው መዝሙረ ዳዊት ያስተምሩት ጀመር። ነገር ግን ትምህርቱ አልገባው አለ። ጓደኞቹ እየቀደሙት ሲሄዱ እርሱ ከነበረበት ፈቀቅ ሳይል ቀረ። ስንፍና መስሎ ስለ ታያቸው አባ ጌዴዎን በበትር ገሠጹት። ያሬድም የበትሩን ሕመምና በእኩዮቹ ፊት የደረሰበትን ኀፍረት መታገሥ ስላልቻለ ጉባኤውን ትቶ፣ ማንንም ሳይሰናበት፣ ከአክሱም ወጥቶ ሄደ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ያሬድን ያባረረው የትምህርት ጥላቻ አልነበረም። ያልወደደ ሰው ቢሆን ኖሮ ኋላ ዕድሜውን ሁሉ ለዚያው ነገር ባልሰጠ ነበር። ያባረረው ኀፍረት ነው። ከእኛም ብዙዎቻችን ሥራችንን ለነገ የምናሳድረው ስለማንወደው ሳይሆን በፊቱ ስንቆም ድካማችን ስለሚገለጥብን ነው። ያልተከፈለ ዕዳ ያለበት ሰው አበዳሪውን በመንገድ ሲያይ ዞሮ ያልፋል፤ ኀጢአቱን ያልተናዘዘም ሰው የነፍስ አባቱን ሲያይ እንዲሁ ያደርጋል። ዕዳው ግን በሽሽቱ አይቀንስም። እንዲያውም ከዕዳው ላይ የሽሽቱ ኀፍረት ይጨመርበታል፤ ትናንት በአንድ ቃል ሊያልቅ ይችል የነበረው ነገር ዛሬ ሁለት ቃል፣ ነገም ዐሥር ቃል ይጠይቃል። የሸሸ ሰው መመለስን እያደር የሚፈራው ስለዚህ ነው።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። ያሬድ ማይ ኪራህ በተባለው ውሃ አጠገብ ሲደርስ ደክሞት ከአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ዐረፈ። በዚያም ሳለ አንድ ትል ፍሬውን ለመብላት ዛፉን ሲወጣ አየ። ትሉ እኩል መንገድ ይወጣና ይወድቃል፤ እንደ ገናም ይነሣል። ስድስት ጊዜ ሞክሮ ስድስት ጊዜ ወደቀ፤ በሰባተኛው ግን ከዛፉ ላይ ወጥቶ ከፍሬው በላ። ይህን ታሪክ ስንተርክ ብዙ ጊዜ ሰባተኛውን መውጣት ብቻ እናደንቃለን። ለያሬድ ግን ትምህርት የሆነው ከስድስቱ ውድቀቶችም ጭምር ነው። ትሉ ስድስት ጊዜ ወድቆ አንድም ጊዜ ከዛፉ ሥር አልራቀም፤ የወደቀበት ስፍራና መውጣት የሚጀምርበት ስፍራ አንድ ነበረ። ያሬድ ግን በወደቀ ጊዜ ዛፉን ትቶ የሄደ ሰው ነበረ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ይኸው ነው።

ይህን ባስተዋለ ጊዜ እንባው ወረደ። ነገር ግን በማልቀስ ብቻ አልቀረም፤ ከዚያው ከዛፉ ሥር ተነሥቶ ወደ አክሱም ተመለሰ። ማይ ኪራህ ላይ አድሮ ነገ እመለሳለሁ አላለም። ወደ ሌላ መምህር ሄዶ፣ ኀፍረቱን በማያውቅበት ጉባኤ እንደ አዲስ ተማሪ ልግባም አላለም። የሸሸው ከአባ ጌዴዎን ስለ ሆነ የተመለሰው ወደ አባ ጌዴዎን ነው። በእግራቸው ሥር ወድቆ ይቅርታ ለመነ፤ እርሳቸውም ተቀበሉት። መዝሙረ ዳዊትንም ከተወበት ቦታ ጀመረ። እግዚአብሔርም ልቡናውን ስለ ከፈተለት 150ውን መዝሙር ብቻ ሳይሆን የብሉይንና የሐዲስን መጻሕፍት ተማረ፤ ገና በወጣትነቱም ዲቁና ተቀበለ።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪኩ የታወቀ ነው። ከሰማይ ዜማውን ተቀብሎ በአክሱም ጽዮን ፊት አሰማ፤ ግዕዝ፣ ዕዝል፣ አራራይ በተባሉት ሦስት የዜማ ስልቶች ቤተ ክርስቲያናችንን አስጌጠ። ድጓ፣ ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍ፣ ዝማሬ፣ መዋሥዕት የተባሉት 5ቱ የዜማ መጻሕፍት የእርሱ ድርሰት ናቸው። ዛሬ በድጓ ለመመስከር የሚሻ ተማሪ ጋይንት ወዳለችው ቤተ ልሔም፣ በዝማሬ መዋሥዕት የሚመሰክርም እዚያው ጋይንት ወዳለው ወደ ዙር አባ ይሄዳል፤ ለዚህም ብዙ ዓመታት ያስፈልጉታል። አንድ መዝሙር መያዝ አቅቶት የሸሸው ሕፃን፣ ሌሎች ብዙ ዓመት ተምረው የማይጠግቡትን ሀብት ትቶ አለፈ።

በንጉሥ ገብረ መስቀል ዘመን ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ። ቅዱስ ያሬድ በንጉሡ ፊት ሲያዜም ንጉሡ በዜማው ልቡ ተመስጦ የያዘውን ጦር ሳያውቅ በያሬድ እግር ላይ ተከለው። ደሙ ፈሰሰ፤ ያሬድ ግን ዜማውን እስኪፈጽም ድረስ አልተሰማውም። ንጉሡ ባየ ጊዜ ደንግጦ የፈለገውን እንዲለምነው፣ የለመነውንም እንደሚሰጠው በመሐላ ቃል ገባለት። ያሬድም ሹመትና ሀብት አልጠየቀም፤ ወደ ገዳም ሄዶ በጸሎት እንዲኖር እንዲያሰናብተው ለመነ። ንጉሡም እያዘነ፣ ስለ መሐላው አሰናበተው። ከዚህ በኋላ ወደ ሰሜን አገር፣ ወደ ጸለምት ሄዶ በጾምና በጸሎት፣ ደቀ መዛሙርትንም በማስተማር ኖረ። ግንቦት 11 ቀን እንደ ተሰወረ ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች፤ በዚሁም ቀን መታሰቢያውን ታከብራለች።

እንግዲህ ቅዱስ ያሬድ ከአክሱም ሁለት ጊዜ ወጥቷል። በመጀመሪያው ጊዜ በስውር ወጣ፤ በሁለተኛው በግልጽ ተሰናብቶ ወጣ። በመጀመሪያው ሥራውን ትቶ ሄደ፤ በሁለተኛው ሥራውን ፈጽሞ ሄደ። በመጀመሪያው በትር ከመዝሙሩ ለየው፤ በሁለተኛው ግን ጦር እንኳ ከዜማው ሊለየው አልቻለም። እኛም አንድን ነገር ስንተው ራሳችንን ብንመረምርበት የሚጠቅም መለኪያ ይህ ነው፤ ተሰናብተን ነው የምንሄደው ወይስ ተደብቀን? ትዕግሥት ነው፣ ጊዜው አልደረሰም ነው እያልን የምናሳምረው ነገር አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ጥያቄ ይገለጣል።

መምህራንና የነፍስ አባቶችም ከአባ ጌዴዎን የምንማረው አለን። በትራቸው ልጁን አባረረው፤ መቀበላቸው ግን ሊቅ አደረገው። በተመለሰ ጊዜ የቀረባቸውን ቀን እየቈጠሩ ደጁን ዘግተውበት ቢሆን ኖሮ፣ ሁለተኛው ሽሽት ከመጀመሪያው በከፋ ነበር። ብዙ ዘመን ቆይቶ ለንስሐ የሚመጣ ሰው ከኀጢአቱ ይልቅ መዘግየቱን ሲያፍርበት እናያለን። ስለዚህ ለምን ዘገየህ ከማለት በፊት እንኳን መጣህ ማለት ይገባል።

ለነገ ማለት ወዴት እንደሚያደርስ በግብረ ሐዋርያት የተጻፈው የአገረ ገዡ የፊልክስ ታሪክ ያሳየናል። ቅዱስ ጳውሎስ ስለ ጽድቅ፣ ራስን ስለ መግዛትና ስለሚመጣው ፍርድ ሲነግረው ፈራ፤ ነገር ግን ሲመቸኝ አስጠራሃለሁ በሚል ምክንያት አሰናበተው። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ እያስጠራ አነጋገረው፤ ሁለት ዓመትም አለፈ። የሚመቸው ቀን ግን ሳይመጣ፣ ጳውሎስን በእስር ትቶ ሹመቱን ለሌላ አስረከበ። ቃሉን መስማትና ከሰባኪው ጋር መነጋገር እንኳ የመሸሻ መንገድ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

አንዳንድ ሰዎች በቀራንዮ በጌታችን ቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ በመጨረሻው ሰዓት ዳነ ብለው በእርሱ ያመካኛሉ። ይሁን እንጂ ያ ሰው ሰዓት አላሳለፈም፤ በጎኑ የተሰቀለው ማን እንደ ሆነ ባወቀባት በዚያችው ሰዓት ለመነ። ያዘገየስ ሁለተኛው ነበረ። እኛም ቅዱስ ያሬድ ከዛፉ ሥር ተነሥቶ እንደ ተመለሰ፣ ከሸሸነው ነገር መካከል አንዱን፣ ትንሹንም ቢሆን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንጀምረው። የተጣላን በታረቅነው ሰው ደጅ፣ መጽሐፉን የዘጋን በዘጋንበት ገጽ፣ ንስሐን ያቋረጥን በነፍስ አባታችን ፊት እንገኝ። ዛፉ ከወደቅንበት ስፍራ አልተነቀለም።

የእግዚአብሔር ቸርነት፣ የእመቤታችን አማላጅነት፣ የቅዱስ ያሬድ ጸሎትና በረከት አይለየን፤ አሜን።